የተራራ ባቡር በከፍታው ብቻ አይመረጥ

ለጋዜጣው የዝግጅት ክፍል፣

የከበረ ሰላምታዬን በማስቀደም፣ በቅርቡ በጉዞ ዓምዳችሁ ላይ ስለ ስዊዘርላንድ የተራራ ባቡሮች በወጣው ምክር ላይ ያለኝን ሐሳብ ለማቅረብ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ። አንድ አንባቢ ለሥራ ወደዚያ አገር እንደሚሄዱና ለራሳቸው የሚተርፋቸው ቀን አንድ ብቻ እንደሆነ ገልጸው፣ ከተራራ ባቡሮቹ የትኛውን ቢሳፈሩ እንደሚሻል ጠይቀው ነበር። የተሰጣቸው መልስ አጭርና ቁርጥ ያለ ነው፤ በአውሮፓ ከፍተኛው የባቡር ጣቢያ ወደሚገኝበት ወደ ዩንግፍራውዮኽ ይውጡ፣ እሱ ካልተመቸ ቀጥሎ ከፍ የሚለውን ይምረጡ ይላል። ከዚያም ተራሮቹ በሜትር ልክ ከላይ ወደ ታች ተደርድረዋል። ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው፤ ምክሩ ግን ለአንድ ቀን ተጓዥ የሚበጅ አልመሰለኝም። እንዲያውም ብዙ ሰው ውድ ዋጋ ከፍሎ ደመና ብቻ አይቶ የሚመለሰው በእንዲህ ዓይነቱ መለኪያ ሲመራ ነው ብዬ አምናለሁ።

እኔ እንደሚገባኝ፣ ለአንድ ቀን ሽርሽር የተራራ ባቡር የሚመርጥ ሰው ከሁሉ በፊት ሊያስብባቸው የሚገቡት ጉዳዮች ሦስት ናቸው፤ ከመነሻው እስከ መድረሻው በመስኮቱ የሚያየው ምንድን ነው፣ ካደረበት ከተማ ተነስቶ ባቡሩ ዘንድ እስኪደርስ ቀኑን ምን ያህል ይበላበታል፣ በዚያ ጠዋት ተራራው ላይ ያለው አየርስ ምን ይመስላል። የጫፉ ከፍታ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ነው።

ዩንግፍራውዮኽን ላሳንሰው አልፈልግም። አዶልፍ ጉየር-ዜለር የተባለው ባለ ኢንዱስትሪ ያሰበው ይህ መስመር ቁፋሮው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1896 ተጀምሮ፣ ጠንሳሹ በ1899 ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ነሐሴ መባቻ 1912 ላይ ለተሳፋሪ ተከፈተ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ጣቢያው ከባሕር ጠለል በላይ 3,454 ሜትር ላይ፣ በዓለቱ ሆድ ውስጥ ይገኛል፤ ከዚያ ወጣ ሲሉ ከአልፕስ የበረዶ ግግሮች ሁሉ ረጅሙ የሆነው አሌች ከሃያ ኪሎ ሜትር በላይ ተዘርግቶ ይታያል። ጥርት ባለ ቀን ይህን ያየ ሰው ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። ነገር ግን አንባቢያችሁ የጠየቁት ስለ ባቡር ጉዞ ነው። ከክላይነ ሻይዴግ እስከ ጫፉ ያለው መስመር 9.3 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከዚህ ውስጥ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህሉ በአይገርና በሞንኽ ተራሮች ውስጥ የተፈለፈለ ዋሻ ነው። ባቡሩ አይስሜር በምትባለው ጣቢያ ለጥቂት ደቂቃ ቆሞ ተሳፋሪው በዓለቱ ላይ በተከፈተ መስኮት የበረዶ ግግሩን እንዲያይ ይደረጋል፤ ከዚህ በቀር የላይኛው መንገድ የጨለማ መንገድ ነው። ሰውን ወደ አንድ ግሩም ቦታ ያደርሳል፣ በመንገዱ ላይ ግን የሚያሳየው ጥቂት ነው።

በዚያው አካባቢ በመስኮት የሚታየው ውበት ያለው ከዋሻው በታች ነው፤ በምክራችሁ ውስጥ ግን ስሙ እንኳን አልተነሳም። ከላውተርብሩነን ሸለቆ ተነስቶ ቬንገን በምትባለው የተራራ መንደር አልፎ ክላይነ ሻይዴግ የሚደርሰውና ከዚያ ወደ ግሪንደልቫልድ የሚወርደው የቬንገርናልፕ ባቡር በ1893 የተከፈተ ነው፤ ርዝመቱም 19 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ከዳር እስከ ዳር ባልተቋረጠ ጥርሳማ ሐዲድ (ባቡሩ ዳገት ላይ እንዳይንሸራተት ከሥሩ ያለው ማርሽ የሚነክሰው ባለ ጥርስ ሐዲድ) ከሚጓዙት ባቡሮች በዓለም ረጅሙ ነው። ባቡሩ ሽቅብ ሲወጣ 300 ሜትር ከሚጠጋ ገደል የሚወረወረው የሽታውባኽ ፏፏቴ በመስኮቱ በኩል ቀስ በቀስ ወደ ታች እየቀረ ይሄዳል፤ ሸለቆው ራሱ ሁለት ግድግዳዎቹን ገልጦ የሚታየው ከዚህ መስመር ላይ ነው። ክላይነ ሻይዴግ ሲደርሱ፣ በ2,061 ሜትር ላይ፣ የአይገር ሰሜናዊ ገጽ ፊት ለፊት ይቆማል። እዚያ ወርዶ ሁለት ሰዓት ያህል በእግር ተዘዋውሮ፣ በወጣበት በኩል ሳይሆን በሌላው አቅጣጫ ወደ ግሪንደልቫልድ የወረደ ሰው፣ ጫፍ ከወጣው ሰው እጅግ ባነሰ ዋጋ፣ የተሻለ የባቡር ቀን አሳልፏል ብዬ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። ከኢንተርላከን እስከ ዩንግፍራውዮኽ ያለው ደርሶ መልስ ትኬት ያለ ቅናሽ ሲቆረጥ ከ200 የስዊስ ፍራንክ በላይ ነው፤ ይህም በምክራችሁ ውስጥ ሊገለጽ ይገባው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ከ2020 መጨረሻ ወዲህ ከግሪንደልቫልድ ተነስቶ ከዋሻው መግቢያ አጠገብ እስካለው አይገርግሌቸር ጣቢያ የሚወስድ፣ በገመድ ተንጠልጥሎ የሚሄድ ትልቅ የኬብል መኪና አለ። ጊዜ ይቆጥባል፤ አብዛኞቹ አስጎብኚዎችም ዛሬ እንግዶቻቸውን የሚወስዱት በዚሁ ነው። ለባቡር ብሎ የሄደ ሰው ግን በዚህ አቋራጭ ሲሄድ የቬንገርናልፕን መስመር በሙሉ ያጣዋል፤ የሚቀረው የባቡር ጉዞም ከሞላ ጎደል ዋሻው ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ጫፉ ድረስ ለመውጣት የቆረጠ ሰው ቢያንስ በአንዱ አቅጣጫ፣ በመውጫው ወይም በመመለሻው፣ በቬንገን በኩል ቢያደርገው ይሻለዋል።

ከዚህ ጋር የጎርነርግራትን መስመር ላነጻጽር። ከዘርማት፣ 1,604 ሜትር ላይ ካለችው ከተማ፣ ተነስቶ 3,089 ሜትር ላይ የሚደርሰው ይህ ባቡር በ1898 ሲከፈት በኤሌክትሪክ የሚሠራ የስዊዘርላንድ የመጀመሪያው ባለጥርስ ባቡር ነበር። ከዩንግፍራውዮኽ በ365 ሜትር ያንሳል፤ በሜትር ከተመዘነ ተሸናፊ ነው። ይሁን እንጂ ከግማሽ ሰዓት ጥቂት በሚበልጠው ጉዞው ላይ አብዛኛው መንገድ ከዋሻ ውጭ ነው፤ ሽቅብ ሲወጣ በቀኝ በኩል ለተቀመጠ ሰው 4,478 ሜትር የሚደርሰው ማተርሆርን ከዓይኑ ብዙም አይሰወርም፤ ጫፉ ላይ ደግሞ የሞንቴ ሮዛ ተራራ ግዙፍ አካልና የጎርነር በረዶ ግግር ፊት ለፊት ይገጥሙታል። ከጫፉ በታች ሮተንቦደን በምትባለው ጣቢያ ወርዶ ጥቂት ቁልቁል ለተራመደ ሰው ሪፈልዜ የተባለችው ትንሽ ሐይቅ ትጠብቀዋለች፤ ነፋስ በሌለበት ጠዋት ማተርሆርን በውኃው ላይ ተገልብጦ ይታያል። እንዲህ በየመንገዱ መውረድና እንደገና መሳፈር የሚቻልበት መስመር፣ ወጥቶ ፎቶ አንስቶ ከመውረድ በቀር ሌላ ከማያደርጉበት ጫፍ ይልቅ ቀንን ያሰፋል።

ሆኖም ጎርነርግራትንም ለሁሉም ሰው አልመክርም፤ ምክንያቱም የአንድ ቀን ጉዞ ከሁሉ በላይ የሰዓት ሒሳብ ነው። ዙሪክ ያደረ ሰው ዘርማት ለመድረስ ብቻ ከሦስት ሰዓት በላይ ያስፈልገዋል፤ መመለሻውም እንዲሁ ነው። ስድስት ሰዓት ተኩል ያህል በሜዳው ባቡር ላይ አሳልፎ ተራራው ላይ ሁለት ሰዓት መቆየት፣ ያውም ደመና ቢመጣ ሌላ ዕድል ሳይኖር፣ ለእኔ ከባድ ልውውጥ ነው። በርን ላደረ ሰው ግን ከ2007 ወዲህ የሌችበርግ ዝቅተኛ ዋሻ ስለተከፈተ መንገዱ ከሁለት ሰዓት ብዙ አይበልጥምና ነገሩ ይለወጣል። ብሪግ ወይም ፊስፕ ላደረ ደግሞ ከጎርነርግራት የተሻለ ምርጫ የለም። እንግዲህ ያው አንዱ ባቡር ለአንዱ ሰው ትክክለኛ፣ ለሌላው ስሕተት የሚሆነው በሚያድርበት ከተማ ምክንያት ነው፤ አንባቢያችሁን «የት ነው የሚያድሩት?» ብሎ ሳይጠይቁ መልስ መስጠት የማይቻለውም ለዚህ ነው።

በዚሁ ሒሳብ ግሌሸር ኤክስፕረስ የተባለው ዝነኛ ባቡር ከአንድ ቀን ሽርሽር ዝርዝር ቢወጣ ጥሩ ነው። ከዘርማት እስከ ሴንት ሞሪትዝ ስምንት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ሲያበቃም ተሳፋሪውን ከሻንጣው በሌላኛው የአገሪቱ ጫፍ ያወርደዋል። እሱ ከተማ ለሚለውጥ መንገደኛ የተዘጋጀ ነው።

የበርኒና መስመር ግን ሰፋ ያለ ቃል ይገባዋል፤ ምክንያቱም ከሁሉም ይልቅ የባቡር ጉዞው ራሱ ዓላማ የሚሆነው በዚህ መስመር ላይ ነው። ከሴንት ሞሪትዝ ተነስቶ ጣልያን ውስጥ እስካለችው ቲራኖ ድረስ በሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይደርሳል። ሙሉ በሙሉ የተከፈተው በ1910 ሲሆን፣ ከአልቡላ መስመር ጋር በአንድነት በ2008 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከፍተኛው ጣቢያ ኦስፒዚዮ በርኒና 2,253 ሜትር ላይ፣ ቲራኖ ደግሞ 429 ሜትር ላይ ናት፤ ይህን ሁሉ ቁልቁለት ከ40 ኪሎ ሜትር ባነሰ መንገድ የሚወርደው ያለ አንዳች የሐዲድ ጥርስ ነው። በየ100 ሜትሩ እስከ ሰባት ሜትር የሚያዘቀዝቀውን ይህን መንገድ የብረት ጎማው በብረት ሐዲድ ላይ ባለው ፍትጊያ ብቻ ይወጣዋል፣ ይወርደዋልም። ለዚህም ሲባል መሐንዲሶቹ ሐዲዱን በተራራው ወገብ ላይ እያጠማዘዙ አስረዝመውታል፤ ብሩሲዮ አጠገብ ደግሞ ሐዲዱ በድንጋይ ድልድይ ላይ ሙሉ ክብ ዞሮ በራሱ ሥር ያልፋል። ተሳፋሪው የባቡሩን ፊትና ኋላ በአንድ ጊዜ በመስኮት ያያል። ከላይ፣ በመተላለፊያው አናት ላይ፣ ሁለት ሐይቆች ተጠጋግተው ተኝተዋል፤ የአንዱ ውኃ በኢንና በዳኑብ በኩል ወደ ጥቁር ባሕር፣ የሌላው በፖ በኩል ወደ አድሪያቲክ ይፈስሳል። በአንድ ግማሽ ቀን ከበረዶ ግግር እስከ ወይን እርሻ የሚወርድ መስመር ይህ ነው፤ ከፍታውን ብቻ ያየ ሰው ግን በሠንጠረዥ ውስጥ ከታች ያገኘዋል። በእናንተም ዝርዝር ውስጥ ከታች ነበር።

በዚሁ መስመር ላይ የሚነሳ ሌላ ምርጫ አለ፤ እኔ ከሁሉም ይልቅ አንባቢ ቢያውቀው የምወደው ይህን ነው። በርኒና ኤክስፕረስ የተባለው የቱሪስት ባቡርና መደበኛው የአካባቢው ባቡር የሚሄዱት በአንድ ሐዲድ ላይ ነው። ድልድዩም፣ ዋሻውም፣ ሐይቁም አንድ ነው። ኤክስፕረሱ ትላልቅ የፓኖራማ መስኮቶች አሉት፤ ወንበር ግን ቀድሞ መያዝ ግዴታ ነው፣ ለዚህም ከትኬቱ በላይ ይከፈላል። መስኮቶቹም አይከፈቱም፤ ስለዚህ ፎቶ የሚያነሳ ሰው በሥዕሉ ላይ የራሱን ፊትና የጎረቤቱን ልብስ ነጸብራቅ ያገኛል። በመደበኛው ባቡር ግን ወንበር ማስያዝ አያስፈልግም፤ በብዙዎቹ ፉርጎዎች ላይ መስኮት ዝቅ አድርጎ አየሩን መተንፈስ ይቻላል፤ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ አየሩ ሲያምር በአንዳንዶቹ ላይ ጣሪያ የሌላቸው ቢጫ ፉርጎዎች ይቀጠላሉ። ከሁሉም በላይ ተሳፋሪው ደስ ባለው ጣቢያ ወርዶ በሚቀጥለው ባቡር መከተል ይችላል። አልፕ ግሩም በምትባለው ጣቢያ፣ 2,091 ሜትር ላይ፣ ወርዶ የፓሉን በረዶና ከታች የተዘረጋውን የፖስኪያቮን ሸለቆ እያዩ አንድ ሰዓት መቀመጥ፣ ከየትኛውም የቅንጦት ወንበር ይበልጣል። ወደ ቲራኖ ሲወርዱ በቀኝ በኩል መቀመጥ ይመከራል፤ የሞርቴራች በረዶ ግግርም፣ ሐይቁም፣ የብሩሲዮ ክብ ድልድይም በዚያ ወገን ናቸው። ቲራኖ ጣልያን ስለሆነች ፓስፖርት መያዝ እንዳይረሳ።

ከዚህ ጋር በቀጥታ የተያያዘው የአየር ሁኔታ ነው። ወንበር ከሳምንታት በፊት ያስያዘ ሰው ቀኑን ሳያውቅ ከአንድ ቀን ጋር ተጋብቷል። የተራራ ጉዞ ደግሞ ጠዋት ተነስቶ ሰማዩን ዓይቶ የሚወሰን ነው። በእነዚያ ተራሮች ላይ ክረምትና በጋ የደመና ጠባይ ይለያያል። በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ፀሐይ የቁልቁለቱን መሬት ስታሞቅ እርጥበት ያዘለው አየር ሽቅብ ይነሳና ከቀትር በኋላ ጫፎቹን ደመና ይከባቸዋል፤ ብዙ ጊዜም ነጎድጓድና ዝናብ ይከተላል። በዚህ ወቅት የመጀመሪያውን ባቡር መያዝ የግድ ነው፤ ከምሳ በኋላ የሚወጣ ሰው ምንም ያህል ከፍ ቢል የሚያየው ነጭ ግድግዳ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ቀዝቃዛው ከባድ አየር ሸለቆው ውስጥ ይተኛና ከተሞቹን ለቀናት በጉም ይሸፍናቸዋል፣ ከጉሙ በላይ ያለው ተራራ ግን በጠራ ፀሐይ ይሞቃል። ሉሰርን ላይ ሰማዩ ጠቁሮ ተስፋ የቆረጠ እንግዳ ሆቴሉ ውስጥ ሲቀመጥ፣ ግማሽ ሰዓት ሽቅብ የወጣው ሰው በደመና ባሕር ላይ ቆሞ አልፕስን ያያል። ይህን ለማወቅ መጠንቆል አያስፈልግም፤ ትላልቆቹ የተራራ ባቡር ድርጅቶች ሁሉ በጫፎቻቸው ላይ የተከሉት ካሜራ በቀጥታ የሚያስተላልፈውን ምስል በነጻ ያሳያሉ። ትኬት ከመቁረጥ በፊት ያንን ማየት ከማንኛውም የጋዜጣ ምክር፣ ከእኔም ደብዳቤ፣ ይበልጣል።

ከፍታ ብቻውን ምን ያህል ደካማ መለኪያ እንደሆነ የአሜሪካው የዋሽንግተን ተራራ ጥሩ ማስረጃ ነው። በ1869 የተከፈተው የዚያ ተራራ ባቡር በዓለም የመጀመሪያው ተራራ ወጪ ባለጥርስ ባቡር ሲሆን፣ ጫፉ 1,917 ሜትር ብቻ ነው። ሆኖም በ1934 በሰዓት 372 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ የተለካው እዚያ ነው። ከእሱ ሁለት ዓመት ዘግይቶ፣ በ1871፣ ኒክላውስ ሪገንባኽ የአውሮፓን የመጀመሪያ የተራራ ባቡር ከፊትስናው ወደ ሪጊ አወጣ።

ሪጊን ካነሳሁ እውነተኛ ምርጫዬን ልናገር። ሉሰርን ወይም ዙሪክ ላደረና አንድ ቀን ብቻ ላለው ሰው፣ 1,798 ሜትር ብቻ ያላት ሪጊ ከሁሉም ትበልጣለች። ከሉሰርን በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል በሐይቁ ላይ ተጉዞ ፊትስናው ይደርሳል፤ ባቡሩ ከወደቡ ጥቂት እርምጃ ብቻ ርቆ ይጠብቃል፤ በግማሽ ሰዓት ጫፉ ላይ ያወጣል። መመለሻው በሌላው ገጽ ወደ አርት-ጎልዳው ነው፤ ይህኛው መስመር በ1875 የተከፈተ ሲሆን የሚወርደው ዋናው የሐዲድ መንገድ ላይ ስለሆነ ከዚያ ወደ ሉሰርንም ወደ ዙሪክም ፈጣን ባቡር ይገኛል። የሄደበትን መንገድ ሳይደግም፣ ጀልባና ሁለት የተለያዩ የተራራ መስመሮች በአንድ ቀን ሳይጣደፍ ይጨርሳል። ከጫፉ እስከ ካልትባድ ጣቢያ በእግር ቁልቁል የሚወስደው አንድ ሰዓት ያህል ሲሆን መንገዱ ለሽማግሌም ለሕፃንም የሚመች ነው። ቀኑን ሙሉ ጣቢያ ባለበት ሁሉ መውረድና መሳፈር ይቻላል። ለውጭ አገር ጎብኚ የሚሸጠውን የስዊስ ትራቭል ፓስ የተባለ የጉዞ ትኬት የያዘ ሰው ለሪጊ ተጨማሪ አይከፍልም፤ በፒላቱስና በጎርነርግራት ግማሽ ዋጋ፣ ወደ ዩንግፍራውዮኽ በሚወስደው ላይኛው መስመር ግን ሩብ ያህል ቅናሽ ብቻ ያገኛል።

ከሪጊ ማዶ፣ በዚያው ሐይቅ ዳር፣ ፒላቱስ አለ። በ1889 ኤድዋርድ ሎኸር የሠራው ይህ መስመር በየ100 ሜትሩ እስከ 48 ሜትር ሽቅብ ይወጣል፤ በዓለም ካሉት ባለጥርስ ባቡሮች ሁሉ ቀጥ ያለው ዳገት የእሱ ነው። በእንዲህ ዓይነት ዳገት ላይ ከላይ ወደ ታች የሚነክስ ጥርስ ከሐዲዱ ተንሸራቶ ሊወጣ ስለሚችል፣ ሎኸር ጥርሶቹን ከሐዲዱ ግራና ቀኝ በኩል አጋድሞ ሁለት ማርሾች ከጎንና ከጎን እንዲነክሱት አደረገ። የምህንድስና ፍቅር ያለው ሰው፣ በተለይም ሕፃናት ልጆች ያሉት ወላጅ፣ ይህን ቆሞ ማየት አለበት። ከአልፕናኽሽታድ በባቡር ወጥቶ በሌላው ወገን በኬብል መኪና ወደ ክሪየንስ ወርዶ በአውቶቡስ ሉሰርን መግባት ይቻላል። ባቡሩ ግን የሚሠራው ከግንቦት እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ ውጭ ያለው የኬብል መኪናው ነው። የዳገቱን ዝና ሰምቶ በጥር የሄደ ሰው ባዶ ጣቢያ ይጠብቀዋል። በዝርዝራችሁ ውስጥ ወቅት አለመጠቀሱ ትልቅ ጉድለት ሆኖ ያገኘሁትም ለዚህ ነው፤ ሺኒገ ፕላተና ብሪየንትስ ሮትሆርንም እንዲሁ በብርዱ ወራት ይዘጋሉ፤ ሪጊ፣ ጎርነርግራት፣ በርኒናና ዩንግፍራውዮኽ ግን ዓመቱን ሙሉ ይሠራሉ።

ስለ እነዚህ ሁለቱ፣ ማለትም ስለ ሺኒገ ፕላተና ስለ ብሪየንትስ ሮትሆርን፣ በዓምዳችሁ ላይ አንድም ቃል አልወጣም። የመጀመሪያው በ1893 የተከፈተ ሲሆን ከኢንተርላከን አጠገብ ካለችው ቪልደርስቪል ተነስቶ በእንጨት ወንበርና በአሮጌ ሎኮሞቲቭ 50 ደቂቃ ያህል እያዘገመ 1,967 ሜትር ላይ ይደርሳል። አይገር፣ ሞንኽና ዩንግፍራው ሦስቱም ጎን ለጎን ቆመው የሚታዩት ከዚህ ነው፤ ጫፋቸው ላይ የወጣ ሰው ግን ራሳቸውን ተራሮቹን በሙሉ ቁመናቸው ሊያያቸው አይችልም። ሁለተኛው ከ1892 ጀምሮ ከብሪየንትስ ሐይቅ ዳር እስከ 2,244 ሜትር ድረስ ዛሬም በአብዛኛው በእንፋሎት ይወጣል። ሎኮሞቲቩ ፉርጎዎቹን ከታች ሆኖ ይገፋል፤ ማሞቂያ ጋኑ ወደ ፊት ያዘነበለ ሆኖ የተሠራው በዳገቱ ላይ ውኃው እንዲስተካከል ነው። ቀርፋፋ ናቸው፤ ለእኔ ግን ይህ መዘግየት ዓይን ከሸለቆው ወደ ጫካው፣ ከጫካው ወደ ግጦሹ፣ ከግጦሹ ወደ ድንጋዩ ሲሻገር ለማስተዋል የሚሰጥ ጊዜ ነው፤ ገንዘብ ሊከፈልበት የሚገባውም ይህ ነው።

ጉዳዩ የስዊዘርላንድ ብቻ አይደለም። የኖርዌዩ የፍሎም ባቡር የሚነሳበት ሚርዳል 866 ሜትር ላይ ብቻ ነው፤ በሜትር ዝርዝር ቢገባ ከሁሉም ሥር ይውላል። ግን በ20 ኪሎ ሜትር መንገድና በአንድ ሰዓት ጊዜ ከበረዷማ አምባ እስከ ፊዮርድ (በተራሮች መካከል ገብቶ የተዘረጋ የባሕር ክንድ) ዳርቻ ይወርዳል፤ ሾስፎሰን ፏፏቴ ሲደርስም ቆሞ ተሳፋሪዎች እንዲወርዱ ያደርጋል።

የከፍታ ነገር በሌላ በኩልም መታሰብ አለበት። በ3,454 ሜትር ላይ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳር ከሚገኘው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። ከዝቅተኛ ስፍራ ተነስቶ በሁለት ሰዓት ውስጥ እዚያ የሚደርስ ሰው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የትንፋሽ ማጠር ሊገጥመው ይችላል። አረጋዊ እናት ወይም አባት ይዞ ለሚሄድ፣ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ላለበት፣ ጨቅላ ሕፃን ለታቀፈ ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ቀድሞ ሐኪም ማማከር ይገባል። ለእንዲህ ዓይነት ቤተሰብ ከ2,300 ሜትር የማያልፍ መስመር መምረጥ ከጤናም ከደስታም አንጻር የተሻለ ነው፤ ከላይ ያነሳኋቸው ሪጊ፣ ፒላቱስ፣ ሺኒገ ፕላተ፣ ሮትሆርንና በርኒና ሁሉም በዚህ ወሰን ውስጥ ናቸው።

እንግዲህ ጥያቄውን ላቀረቡት አንባቢ በእኔ በኩል የምሰጠው መልስ ይህ ነው። ሉሰርን ወይም ዙሪክ የሚያድሩ ከሆነ ሪጊን በጀልባ ጀምረው በአርት-ጎልዳው ይመለሱ። ኢንተርላከን ከሆኑ ጠዋት ካሜራውን ይመልከቱ፤ ሰማዩ ፍጹም ጥርት ያለ ከሆነና ዋጋው ካልከበዳቸው በቬንገን በኩል ወደ ዩንግፍራውዮኽ ይውጡ፣ ደመና የሚንቀሳቀስ ከሆነ ግን ሺኒገ ፕላተ ወይም ክላይነ ሻይዴግ ይበቃቸዋል። በርን ወይም ብሪግና ፊስፕ ባሉበት በቫሌ አውራጃ ከሆኑ ጎርነርግራትን በመጀመሪያው ባቡር ይያዙ። ኩር ወይም ሴንት ሞሪትዝ ካደሩ በመደበኛው ባቡር ወደ ቲራኖ ይውረዱ፣ ሲመለሱም አልፕ ግሩም ላይ ይረፉ።

የዝግጅት ክፍሉን በአክብሮት የምጠይቀው፣ ወደ ፊት እንዲህ ያለ ዝርዝር ሲወጣ ከጫፉ ከፍታ ጎን ጉዞው ከየትኛው ከተማ ስንት ሰዓት እንደሚወስድ፣ ከመስመሩ ምን ያህሉ በዋሻ ውስጥ እንደሚያልፍ፣ በየትኞቹ ወራት እንደሚሠራና ወንበር ማስያዝ ግዴታ መሆን አለመሆኑን እንድታትሙልን ነው። ጠያቂው አንባቢ ገና አልተጓዙ ይሆናልና፣ ይህ ደብዳቤ በሚቀጥለው ዕትም ቢወጣላቸው ደስ ይለኛል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የጉዞ ዓምዳችሁ ዘወትር አንባቢ